ጋሽ ውብሸት የማን ነው?

ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው ነገሩ የጀመረው። ሾላ ገበያ ወርጄ በርበሬና ኮረሪማ ገዝቼ፣ ፌስታሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከኋላ ወንበር ጥጉን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ይጋፋል፤ አንዱ በላይ በላዬ ይገባል፣ ሌላው "ወራጅ አለ" እያለ ይወርዳል። ይሄኔ ከፊቴ የተቀመጠች ቀጭን ጠይም ልጅ፣ ያንን ነጭ ነገር ጆሮዋ ላይ የሰካች፣ ድምጿን እንደ ሽማግሌ አወፍራ ሁለቴ ሳለችና "ኧረ ቀስ በሉ! ማን አባረረን?" አለች። ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ጓደኛዋ ትከሻዋን መታ አድርጋ "ጋሽ ውብሸትን ቁርጥ!" አለቻት። ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ እያያት ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ምን ልበላት? "ልጄ፣ ይሄን ሳል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽም ልጅ ሳለች" ልበላት? እብድ አሮጊት ናት ብላ ወንበር ትቀይራለች። በርበሬው ያለበትን ፌስታል በንዴት ጨብጬው ስለነበር ቤት ስደርስ አንዱ ጥቅል ፈንድቶ ቀሚሴን አበላሽቶታል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሽ ውብሸት እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን በሚታይ ድራማ ውስጥ ያለ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ሁለቴ ይስላል። የቸኮለ ሰው ባየ ቁጥር "ቀስ በሉ፣ ማን አባረረን" ይላል። ልጆቹ በስልካቸው ይቀባበሉታል፣ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አትመውታል። ጋሽ ድንበሩ ደግሞ በእኛ ጊዜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በሬዲዮ ይመጣ የነበረ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሱም ደጅ ላይ ሁለቴ ይስላል። እሱም "ቀስ፣ ቀስ፣ ማን አባረረን!" ይላል። እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ፀዳለ። ዛሬ ስሙን የሚያነሳ የለም፤ ያኔ ግን ሳሉ ሲሰማ ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ ኳሳቸውን አቅፈው ሬዲዮ ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ይኮለኮሉ ነበር።

ያኔ ቦሌ እንዲህ አልነበረም። አሁን እኔ የምኖርበት የገርጂ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ገብስ ይታጨድበት ነበር ብላቸው የሕንጻው ልጆች አያምኑኝም። መገናኛ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ላምበረት አውቶቡሶች ተሰልፈው ሲንተከተኩ የናፍጣው ሽታ ልብስ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር፤ እስከ ዛሬ የተቃጠለ ናፍጣ ሲሸተኝ ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ሰው የመጣብኝ ይመስለኛል። የአውቶቡስ ዋጋ በሳንቲም ነው። በስሙኒ ሻይ ጠጥተሽ መልስ ትቀበያለሽ። ወንዱ ሱሪውን ከታች አስፍቶ መንገድ እየጠረገ ይሄዳል፣ ሴቱ አፍሮ ያበጥራል፤ ፖሊስተር ቀሚስ የለበሰች ሴት ስታልፍ ጨርቁ ሲንሾካሾክ ይሰማል። ዘመኑን አላወራም፤ ዘመኑ እንደ ዘመኑ ነበር፣ ያለፈው ያውቀዋል። እኛ የሬዲዮ ድራማው ሰዎች ግን ወጣት ነበርን፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለች ጠባብ ኬክ ቤት ውስጥ ተጣብቀን ተቀምጠን ዓለም የእኛ ይመስለን ነበር።

ስቱዲዮው አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ማስቀመጫ የሚመስል ነገር ተለጥፎባት፣ ወለሏ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎባት፣ መሃሏ ላይ አንድ ማይክሮፎን ቆሞባት። ዝናብ ሲያስፈልገን ምስር ትሪ ላይ እናንከባልላለን። አውቶቡስ ሲያስፈልገን የቆርቆሮ ክዳን እናንቀጠቅጣለን። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የጻፍኩትን ሰዎች ሲናገሩት እሰማለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም። የድንበሩ ሚስት ሆና የምትጫወተው ሶስና ነበረች። መጀመሪያ ለዚያ ቦታ ሌላ ሴት አስቤ ነበር። ሶስና ግን የመጀመሪያው ክፍል ተነቦ እንዳለቀ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዛ "ፀዲዬ ሞቼ እገኛለሁ፣ ሚስቱን እኔ ልጫወታት" ብላ ለመነችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሥራ ፈልጋ ነው ብዬ አዘንኩላትና ሰጠኋት።

ሰጠኋትና ቆጨኝ። ድምጿ ማር ነበር፤ ምን ልዋሽ! ቀይ ታኮ ጫማዋን አድርጋ ኬክ ቤት ስትገባ አስተናጋጁ "የጋሽ ድንበሩ ባለቤት መጡ" ብሎ ያልታዘዘ ኬክ ያመጣላታል። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ማን እንደሆንኩ የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን አንዱ ጠየቀኝና "ጸሐፊዋ ነኝ" ብለው ታይፒስት መስዬው "ስንት ቃል በደቂቃ ትመቺያለሽ?" አለኝ። ሶስና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ያን ሳምንት ለሚስትየዋ ብዙ እንዳትናገር አድርጌ ጻፍኩ። እሷ እቴ! የሰጠኋትን "እሺ" እና "መጣህ?" ብቻ ይዛ ሀገሩን አስለቀሰችው። "መጣህ?" ስትል እንዴት እንደምትለው ብትሰሙ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሴቱ ሁሉ ባሉን "መጣህ?" ብሎ መቀበል ጀመረ።

ድንበሩን ያወጣሁት ከቤቴ ነው። ባለቤቴ ሽፈራው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ ከላምበረት ተነስቶ በሾላ በኩል አድርጎ ወደ መሃል ከተማ የሚገባ። እኔም በሱ አውቶቡስ ነበር ሥራ የምሄደው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ እስክሪብቶ የማይጠፋ ሰው ነው። ተሳፋሪው በር ላይ ሲረጋገጥ ዞር ብሎ "ቀስ፣ ማን አባረረን" ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ሽማግሌ ላከ፣ ወላጆቼ ፈቀዱ፣ ተጋባን። ቤት ሲመጣ ደጅ ላይ ሁለቴ ይስላል፣ እንዳልደነግጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ጠጅ ቤት ሲሄዱ እሱ ሬዲዮኑ ሥር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጆሮውን ወደ ሬዲዮኑ ያዘነብልና "ፀዳለ፣ ድምፁን ጨምሪው" ይለኛል። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ባሌ ጽሑፌን እንዴት እንደሚወደው እያየሁ በኩራት እፈነዳ ነበር። ራሱን እያዳመጠ እንደሆነ ያውቃል ወይ ብዬ እስቃለሁ። አንድም ቀን አስተያየት አልሰጠኝም፤ ሲያልቅ ሬዲዮኑን ዘግቶ ትንሽ ዝም ብሎ ይቀመጥና ይነሳል።

አንድ ነገር ግን ድራማው ውስጥ አላስገባሁም። ሽፈራው ሰው ፊት አያጎርስም። በሠርግም በዓመት በዓልም ሰዉ ሁሉ እየተነሳ ሲጎራረስ እሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ "ለታይታ ነው" ይላል። ቤታችን ብቻችንን ስንሆን ግን፣ አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ያጎርሰኛል። እንጀራውን አጥብቆ ይጠቀልልና ወጡ እንዳይንጠባጠብ ዳር ዳሩን በትሪው ጠርዝ ጠረግ ያደርገዋል። ግራ እጁን ከአገጬ ሥር እንደ ሰሃን ይዘረጋል። ከዚያ፣ ወደ አፌ ሲያመጣው፣ የራሱን አፍ ይከፍታል። ልጅ የሚያበላ ሰው እንደሚያደርገው። ያን ትልቅ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ሳየው ሆዴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ማንም አላየውም፣ ልጃችን ሊያ እንኳ። በዓለም ላይ የእኔ ብቻ የምለው ነገር ቢኖር ያ ነበር።

እሱም አለፈ፤ ዓመታት ሆኑት። ሬዲዮውም ጠፋ፣ ድራማውም ተረሳ፣ ኬክ ቤቷም ፈርሳ ቦታዋ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንጻ ቆመ። እኔ ጡረተኛ ሆኜ ሊያ ጋ ገርጂ ገባሁ። ታዲያ ከታክሲው ጉድ በኋላ ባለው እሁድ "እስቲ ይሄን ጋሽ ውብሸት የሚባል አሳይኝ" አልኳት። "እማዬ በጣም ፈኒ ነው፣ ትወጂዋለሽ" ብላ ከፈተችው። በሩ ላይ ሁለቴ ሳል ተሰማ። ሽማግሌው ገባ። ሊያ ሳቅ ብላ "አባዬን አይመስልም?" አለችኝ። ጎረቤቱ የሆነች ባል የሞተባት ሴት አለች፤ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ ነጭ እንደ ጥጥ ሆኗል። አፏን ከፍታ "መጣህ?" ስትል ከሶፋው ተነሳሁ። ሶስና ናት! አርጅታለች፣ ድምጿ ግን ያው ነው። እሱ እጁን እየታጠበ አንድ የድሮ ዘፈን ግጥሙን እያበላሸ ያንጎራጉራል። እዚህ ላይ ተሳስተዋል አልኩ በልቤ፤ ሽፈራው ዕድሜ ልኩን ዘፍኖ አያውቅም። ከዚያ ማዕድ ቀረቡ። ጋሽ ውብሸት እንጀራውን ጠቀለለ፣ በትሪው ጠርዝ ዳር ዳሩን ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ ግራ እጁን ከሶስና አገጭ ሥር ዘረጋ። የራሱን አፍ ከፈተ። መጨረሻ ላይ "ድርሰት፦ ሶስና" የሚል መጣ፣ የእኔ ስም የለም። "ሌባ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሊያ ሪሞቱን ጣለችው።

ጠበቃው ቢሮው ኦሎምፒያ ነው፣ አሳንሰር ያለው ሕንጻ ላይ። ናሆም ይባላል፣ የሊያ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወንድም ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሁሉንም አወራሁት። አዳመጠኝና "እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። ሳል የማንም አይደለም። የአውቶቡስ ሹፌር መሆንም የማንም አይደለም። ተደማምሮ ግን የሰማ ሁሉ 'ይሄማ ድንበሩ ነው' የሚል ከሆነ እንከራከራለን" አለኝ።

"ይላል እንጂ! ለምን አይልም?"

"ማን ይላል? ዛሬ ድንበሩን የሚያስታውስ ሰው ያውቃሉ?"

በጣቴ ሰው መቁጠር ጀመርኩ። ልጁ ሊያስከፋኝ ፈልጎ አይደለም። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ሰው ሶስና ናት፤ ድንበሩን በደንብ የምታስታውሰው እሷ ብቻ ናት።

"እሺ፣ አይጨነቁ" አለኝ። "ከሁሉም በላይ የሚመሳሰለው የቱ ነው? በአጋጣሚ ሊመጣ የማይችል ነገር ይንገሩኝ።"

"ጉርሻው!" አልኩት። ከንዴቴ የተነሳ ጠረጴዛው ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ወረቀት ጠቅልዬ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ጠርጌ፣ ግራ እጄን ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ። ልጁ ፈገግ አለ፣ ዓይኑ በራ።

"ይሄ በጣም ጥሩ ነው እማማ! ይሄን ማንም በራሱ አያመጣውም። በየትኛው ክፍል ላይ ነው የተላለፈው?"

"የቱ?"

"ጉርሻው። በሬዲዮ እንዴት አድርገው አመጡት? እጁ አይታይ፣ አፉ አይታይ።"

እጄ እዚያው እንደተዘረጋ ቀረ። ንዴት ሰው ያሳብዳል፤ የጻፍኩትንና የኖርኩትን ደባልቄው ነበር። "አልጻፍኩትም" አልኩት።

"ታዲያ ከየት አገኘችው?" አለኝ፣ እንደ ጠበቃ፣ በንጹህ ልቡ። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ ከራሱ ከሽፈራው እጅ። "ልሂድ" ብዬ ተነሳሁ። አሳንሰሩን ረስቼ በደረጃው ወረድኩ።

ከኦሎምፒያ እስከ ቦሌ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው ንጣፍ ተወልውሎ፣ አበባ ተተክሎ፣ ጎረምሶች ብስክሌት ይነዱበታል፤ ድሮ የማውቀው አንድም ጥግ የለም። እግሬ ይሄዳል፣ ልቤ ግን ያኔ ላይ ነው። ሽፈራው አንዳንዴ ከሥራ ሊወስደኝ ስቱዲዮው በር ድረስ ይመጣ ነበር። "ግባ፣ ሰዎቹን ላስተዋውቅህ" ስለው "እዚሁ ይሻለኛል" ብሎ አጥር ሥር ይቆማል። ዓይን አፋር ነው ብዬ እወደው ነበር! ሶስና ደግሞ እሱ በመጣ ቀን ራሷን ያማታል፣ ወይ የረሳችው ዕቃ አለ ብላ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። አንዴም አልተያዩም። ሁለት ሰው እንዴት ይሄን ያህል ዓመት አይተያይም? እኔ ሞኟ ደግሞ የሰው ጠባይ አጥንቼ የምጽፍ ነኝ ባይ። ከዚያ ደግሞ ሬዲዮኑ ትዝ አለኝ። ድምፁን ጨምሪው። የማንን ድምፅ? የኔን ቃል ነበር ጆሮውን አዘንብሎ የሚሰማው ወይስ የሷን "መጣህ?" ቦሌ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ "አንተ ሰውዬ!" አልኩ። አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሊያ መልሳ አዞረችው፤ እኔም መልሼ አዞርኩት። "እማዬ፣ አባዬ ምን አደረገ?" ትለኛለች፤ ምን ልበላት? አባትሽ ያጎርስ ነበር ልበላት? እህል አልወርድ አለኝ። ወጣት ሆኜ እንዲህ አልቀናሁም፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ የሚያስቀና ሰው አልነበረም። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ይቀናበታል? ይቀናበታል። እንዲያውም ይብሳል፣ ጠይቀሽው ምሎ አይገዘትልሽም። እሁድ ሲመጣ ደግሞ "አላይም" እላለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፀጉሬን አበጥሬ ሶፋው ላይ ተሰይሜ እገኛለሁ። ሳሉ ሲሰማ ልቤ ይዘላል። ደግሞ ዓይኔ ሶስና ላይ ሲያርፍ ደሜ ይፈላል።

የደወለችው እሷ ናት። ናሆም እኔ ሳላውቅ ጉዳዩን ጠቁሟት ኖሮ "ፀዲ፣ ሰው በመካከላችን ሳይገባ እንገናኝ" አለችኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ያለ ካፌ ተቃጠርን። ለክስ እንደምሄድ ሳይሆን ለሠርግ እንደምሄድ ለበስኩ፤ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ወርቄን አደረግኩ። እሷ ከዘራ ይዛ፣ ተራ ሹራብ ደርባ መጣች፤ እንዲህም ሆና ታምራለች። ሁለት ማኪያቶ አዘዝን፣ ሁለታችንም አልነካነውም። ልጀምርላት አልፈለግኩም።

"ካንቺ በፊት ነው" አለች ቀጥታ። በጣቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አሳየች። "እሱ ይመስክርብኝ፣ ካንቺ በኋላ ጥፍሩን አልነካሁም። ሽፌ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ 'ልጄን ለሹፌር አልሰጥም' አለ። አለቀ።"

ሽፌ! እኔ ዕድሜ ልኬን ሽፈራው ስለው ኖርኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? የመጀመሪያውን ክፍል ስታነቢልን ደጅ ላይ ሁለቴ ሳለ ብለሽ ስታነቢ አወቅኩት። ያን ቀን ነው ያገባው አንቺን እንደሆነ የገባኝ። ሄጄ ልቀር ነበር፤ ግን ደግሞ ሚስቱ መሆን የምችለው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ብዬ ለመንኩሽ። አንቺ ጻፍሽልኝ፣ እኔ አልኩት። ቀብሩም ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተ ማለት አልሆንልሽ አለኝ። እየሄደ፣ እየሳለ ላየው ፈለግኩ። ክፋት አልነበረም ፀዲዬ።"

ልጠይቃት አልፈልግም ነበር። "ጉርሻውስ?" አልኳት።

ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን ባጠፋው ደስ ባለኝ። "መጀመሪያ ሲያጎርሰኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቀሚሴ ላይ ወጥ አፈሰሰብኝ። ላምበረት አጠገብ አንዲት ምግብ ቤት ነበረች። 'ዳሩን ጥረገው እንጂ፣ ከሥርም እጅህን አድርግ፣ አንተም እንደ እናት አፍህን ክፈት' አልኩት። ስቀልድ ነው። እሱ እንዳልኩት አደረገ። እስክንሞት ሳቅን። ግጥም እያበላሸም ይዘፍንልኝ ነበር፣ ድምፁ ሲያስጠላ!"

እንግዲህ ፍረዱኝ። የእኔ ብቻ የምለው አንድ ነገር እሷ ያስለመደችው ሆኖ ተገኘ። ዘፈኑም ለሷ ነው፣ እኔ ጋ ሲመጣ ዝምታው ብቻ ነው የደረሰኝ። ሕግ ይፋረደን ብል ሌባዋ ማን ልትባል ነው? ከመቀመጫዬ ተነስቼ ፊቷን ልቧጭራት ወይስ አቅፌያት ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ቀና ብላ አየችኝ። ድምጿ አነሰ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ… ድራማችንን ያዳምጥ ነበር?"

ወንበሩን ሲስብ አየሁት። ጆሮውን ሲያዘነብል፣ ሲያልቅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አየሁት። "አያዳምጥም ነበር" አልኳት። "ቅዳሜ ማታ ሥራ ነበረው።" ዓይኗን ወደ ማኪያቶው መለሰች። ይቅር ይበለኝ፤ ያቺን ልሰጣት አልቻልኩም። ሁሉንም ወስዳ ያቺንም?

ማኪያቶውን ገፋ አድርጋ "ከፈለግሽ እገድለዋለሁ" አለችኝ።

"ማንን?"

"ውብሸትን። ላምበረት አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ይላል፤ በሚቀጥለው ወር እናስቀርጸዋለን። ክስም የለ፣ ጣጣም የለ። የእኔም ያንቺም አይሆንም።"

ለዚህ አልነበር ጠበቃ ቤት የሄድኩት? የፈለግኩት ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠልኝ። ግን እሁድ ሲመጣ በሩ ጸጥ ሲል ታየኝ። ደጅ ላይ ሁለቴ የሚስል ሰው ከዚህ ዓለም ላይ እንደገና ሲጠፋ፣ እኔም እንደገና ጥቁር ለብሼ ስቀመጥ።

"አትግደይው" አልኳት። ድምፄ እንደ ልመና ሆነብኝና ተናደድኩ። "ይኑር። ይሳል። ከፈለገም ይዝፈን፣ ግጥሙን ያበላሽ። ግን ሁለተኛ ማንንም አያጉርስ።"

"ማንንም?"

"ማንንም። ይልቁንም አንቺን።"

ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ እጄ ላይ አደረገችና "እሺ ፀዲ" አለች። ለናሆም ደውዬ ነገሩ ቀርቷል አልኩት፤ "ታረቃችሁ?" ሲለኝ "እሱን አላልኩም" አልኩት።

ቀድሞ ተቀርጾ የተቀመጠው ክፍል ታይቶ እስኪያልቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ያለፈው እሁድ ሊያ ፈንዲሻ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እኔም እንደ ልማዴ ፀጉሬን አበጥሬያለሁ። ሁለቴ ሳለና ገባ። ሶስና "መጣህ?" አለችው፤ ዛሬም አቃጠለኝ። እጁን እየታጠበ አንጎራጎረ፣ ማዕድ ቀረቡ። እንጀራውን ጠቀለለ፣ በትሪው ጠርዝ ዳር ዳሩን ጠረግ ጠረግ አደረገ። ቃሏን አጠፈች ብዬ መቀነቴን ጨበጥኩ። ጉርሻውን አነሳው፣ ግራ እጁን ከሥሩ ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ። ሶስና ግን አንገቷን ደፍታ ከራሷ ፊት ትበላለች፤ ቀናም አላለች። እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደሷ አልሄደም። ወደ እኛ ዞረ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት፣ ጉርሻውን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ፣ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ።

"እማዬ" አለችኝ ሊያ። "አፍሽን ለምን ከፈትሽ?"